አካውንቲንግ ተምሮ ወሎ ላይ መሥራት፦ ከባንኩ መስኮት ውጭ ያሉ በሮች

ደሴ ላይ አንድ የአካውንቲንግ ምሩቅ ይዛችሁ «አሁን ምን ልትሠራ ነው?» ብትሉት መልሱ ሁለት ነው። ባንክ። ካልሆነ ወረዳ ፋይናንስ። ሁለቱም መጥፎ አይደሉም፣ ችግሩ ሁሉም ሰው እዚያው ሁለት በር ላይ መሰለፉ ነው። ባንኩ ማስታወቂያ እስኪያወጣ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ እየጠጡ ዓመት ይሄዳል። ከደሴ ተነስታችሁ በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ እስክትደርሱ ደግሞ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግራና ቀኝ የምታዩት ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ማደያ፣ ሆቴልና የኮንስትራክሽን ድርጅት ሁሉ ወይ ሂሳቡን የሚይዝለት ሰው አለው ወይ እየፈለገ ነው። ማስታወቂያ ስለማይለጥፍ ብቻ አታውቁትም።

ስለዚህ አሠራሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ገና ተመርቃችሁ የተቀመጣችሁም፣ አንድ ቦታ ተቀጥራችሁ የሰለቻችሁም ትጠቀሙበታላችሁ። የማይመለከታችሁን እየዘለላችሁ እለፉ።

ደረጃ 1፦ ከሂሳብ ሥራ የትኛውን እንደምትወዱ ለዩ

ሁሉም አካውንታንት ይባላል እንጂ ሥራው አንድ አይደለም። ዕቃ እየቆጠረ የአንዱን ኩንታል ዋጋ የሚያወጣ አለ። አዋጅና መመሪያ እያገላበጠ ከገቢዎች ጋር የሚከራከር አለ። ሌላው የሠራውን እየመረመረ ጉድለት የሚያወጣ አለ። ደንበኛ ፊት ተቀምጦ «ለዚህ ሰው ብድር ይሰጠው ወይስ ይቅር» የሚል አለ። ቀኑን ሙሉ ከሶፍትዌር ጋር የሚውልም አለ። ሁሉንም እኩል የሚወድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ወረቀት አውጡና ጊቢ እያላችሁ የየትኛው ኮርስ አሳይመንት እንዳልከበዳችሁ ጻፉ። ኮስት አካውንቲንግ ከሆነ ፊታችሁን ወደ ኮምቦልቻ አዙሩ። ታክስ ከሆነ ነጋዴው ይጠብቃችኋል። ኦዲቲንግ ከሆነ የኦዲት ድርጅትና የመንግሥት ኦዲት አለላችሁ። ሁሉም እኩል ከበዳችሁ እንግዲህ ደረጃ 2ን ሥሩና ተመለሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙያውን የሚያስጠላው በእጅ ሠርቶ አለማየት ነው።

ደረጃ 2፦ የትም ብትገቡ የሚጠየቀውን ቀድማችሁ ልመዱ

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ መያዝ ስለሌለ ቲዎሪውን አንብባችኋል ብዬ ልነሳ። በዲፕሎማ የመጣችሁ ደግሞ የደረጃችሁን ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ሳትይዙ መንግሥት ቤት አትሂዱ፣ በር ላይ ይመልሷችኋል። ቀጣሪ የሚፈትነው ግን ከዚህ ወዲያ ያለውን ነው።

መጀመሪያ ኤክሴል። ሲቪ ላይ ሁሉም «ኤክሴል እችላለሁ» ይጽፋል፣ ሲፈተን ሰንጠረዥ ቀለም መቀባት ነው የሚችለው። ሰምኢፍ፣ ቪሉካፕና ፒቮት ቴብል፣ እነዚህን ሦስቱን ሳታዩ መሥራት ቻሉ። ቀጥሎ ፒችትሪ፣ የሂሳብ መመዝገቢያው ሶፍትዌር። ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ብዙ ጊዜው ነው፣ እኛ ጋ ግን ማስታወቂያው ሁሉ አሁንም ፒችትሪ ነው የሚለው። ስልጠና ስትከፍሉ ሰርተፍኬቱን ትታችሁ የአንድ ድርጅት የሙሉ ዓመት ሂሳብ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ያሠሯችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ካላሠሩ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ሦስተኛው ፔሮል፣ የደመወዝ ስሌት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ወረቀት ሰጥተው «ይህን አስላ» የሚሉት ይሄን ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሥራ ግብሩ ተሻሽሏል፣ የድሮውን የ600 ብር መነሻ ይዞ የሚመጣ ተፈታኝ ወዲያው ይታወቃል። አሁን እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30፣ ከ14,000 በላይ በሆነው 35 በመቶ። የ12,000 ብር ደመወዝተኛ እንውሰድ። ከ2,000 እስከ 4,000 ያለው 300 ብር ግብር ያመጣል፣ ከ4,000 እስከ 7,000 ያለው 600፣ ከ7,000 እስከ 10,000 ያለው 750፣ የቀረችው 2,000 ደግሞ 600። ድምሩ 2,250። ጡረታ 7 በመቶ 840 ይቆረጣል። እጁ ላይ የሚገባው 8,910 ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር ከራሱ ኪስ ጨምሮ ለጡረታ ያስገባል። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ይረሳታል፣ ድርጅቱ ሠራተኛ ቀጠርኩ ሲል ወጪው 13,320 መሆኑን ያላወቀ ሂሳብ ሠራተኛ በጀት ሊሠራ አይችልም።

አራተኛው ባንክ ማስታረቅ ነው። ወር መጨረሻ ላይ የባንኩ ስቴትመንትና የእናንተ መዝገብ አይገናኙም። ቼክ ተጽፎ ገና ያልተመነዘረ ይኖራል፣ ባንኩ የቆረጠው ኮሚሽን እናንተ ጋ ያልተመዘገበ ይኖራል፣ ደንበኛ በሞባይል ያስገባው ብር የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀመጣል። የራሳችሁን ወይም የዘመድ ሱቅ ስቴትመንት አውጡና በየወሩ አስታርቁ። ማንም ሳይቀጥራችሁ የምትለምዱት ሥራ ይሄ ነው።

ደረጃ 3፦ በሮቹን አንድ በአንድ እዩ

የፋብሪካው በር

በኔ ግምት ወሎ ላይ ላለ ልጅ ትልቁ በር ይሄ ነው፣ የሚያንኳኳው ግን ጥቂት ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ ቆዳው አለ፣ ዱቄት ፋብሪካው አለ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። እዚህ የሚፈለገው ኮስት አካውንታንት ነው። ሥራው በአጭሩ «አንዱ ስንት ፈጀብን?» የሚለውን መመለስ ነው።

በዱቄት እናስበው፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። 100 ኩንታል ስንዴ በ6,000 ብር ገባ፣ 600,000 ብር። መብራት፣ ጉልበት፣ ማሽን ተደምሮ 60,000። ሲፈጭ 76 ኩንታል ዱቄትና 22 ኩንታል ፉርሽካ ወጣ፣ የቀረው ብናኝ ነው። ፉርሽካው በ2,500 ሲሸጥ 55,000 ብር ይመልሳል። ከ660,000 ላይ 55,000 ሲነሳ 605,000፣ ለ76 ሲካፈል አንዱ ኩንታል ዱቄት 7,960 ብር ገደማ ፈጀ ማለት ነው። አሁን ወንፊቱ ተበላሽቶ ዱቄቱ 72፣ ፉርሽካው 26 ሆነ እንበል። ፉርሽካው 65,000 ያመጣል፣ ቀሪው 595,000 ለ72 ሲካፈል 8,264 ገደማ። በአንድ ኩንታል የ300 ብር ልዩነት። ባለቤቱ ገበያው ነው የጎዳኝ ብሎ ሲያማርር እናንተ ወንፊቱ ነው ትሉታላችሁ። እንዲህ የሚል ሰው በዓመቱ ከፋይናንስ ቢሮው ወደ ስብሰባው ጠረጴዛ ይጠራል።

ወደዚህ በር የሚያስገባችሁ ሁለተኛው ነገር ስቶር ነው። ቢን ካርዱ (መጋዘኑ ውስጥ ያለው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) 40 ይላል፣ ሌጀሩ (የሂሳብ ክፍሉ መዝገብ) 43 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው 38 ነው። የትኛው ትክክል ነው? መልሱ የሚገኘው ወንበር ላይ አይደለም፣ ገቢና ወጪ ሰነዱን በቀን ቅደም ተከተል እያስቀመጡ መጋዘኑ ውስጥ ቆሞ ነው። ወጪ ሆኖ ወረቀቱ «ነገ ይሠራል» ተብሎ የቀረ ዕቃ ሁልጊዜ አለ። አቧራውን ካልወደዳችሁት ይህን በር እለፉት፣ እውነቴን ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ከኮስት ወደ በጀትና ዕቅድ፣ ከዚያ ወደ ፋይናንስ ኃላፊ ይኬዳል። ወደ ግዢና ሎጂስቲክስ የሚታጠፍም አለ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስላለ የጉምሩክ ወረቀት የሚያውቅ ሂሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል። ቢራና መሰል ምርት የሚያመርት ቤት ከገባችሁ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁን፣ 1186/2012ን፣ ከፈተና በፊት አንብቡት።

የነጋዴው በር

ይሄ የራስ ሥራ ነው። ደሴ የነጋዴ ከተማ ናት፣ ሰኞ ገበያንና አራዳን ያየ ያውቀዋል። ባቲ፣ ሐይቅ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ሁሉም የራሱ ነጋዴ አለው። አሁን ባለው ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰብ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፣ ድርጅት ሆኖ የተቋቋመ ደግሞ ሽያጩ ትንሽም ቢሆን «ሀ» ነው። «ሀ» ማለት መዝገብ ግዴታ ነው ማለት ነው። ነጋዴው ግን መዝገብ የለውም። ካርቶን ነው ያለው።

ካርቶኑን ሲያወርዱላችሁ እንዳትደነግጡ። የጨርቅ መሸጫው ጥግ ከጥቅልሉ ሥር የሚቀመጥ ነው፣ ውስጡ የግዢ ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀት፣ የመብራት ክፍያ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ አንዳንዴ የሠርግ ጥሪም ይገኝበታል። ባለ ሱቁ ሐጂ ደግሞ «ልጄ፣ ሽያጩ እኮ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ» ይሏችኋል። «አብሽሩ ሐጂ፣ ገቢዎች ጭንቅላት አይቀበልም እንጂ እኔስ አምኜዎታለሁ» በሉና ሥራ ጀምሩ።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ወለል ላይ ወይም ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ደረሰኙን በወር በወር ከምሩ። የቤት ወጪውን ለብቻ አውጡ፣ እሱ የንግድ ወጪ አይደለም። እያንዳንዱ የግዢ ደረሰኝ ላይ የገዢው ቲን ነምበር የሐጂ መሆኑን እዩ፣ የወንድማቸው ስም ያለበት ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ እሱ አያስቆጥርም። ከካሽ ሬጅስተሩ የየቀኑን ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የቀኑን የሽያጭ ድምር፣ አምጥታችሁ ከቫት ማስታወቂያው ጋር አስተያዩ። ባንክ የገባው ከዜዱ በልጦ ከተገኘ «ይሄ ብር ከየት መጣ?» ብላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብድር ይሆናል፣ የዕቁብ ይሆናል፣ ያልተቆረጠለት ሽያጭም ይሆናል። አሁን ያልተጠየቀ ጥያቄ በኋላ በኦዲት ይጠየቃል።

ዋጋ ስትነጋገሩ በወር ቁረጡ። የዓመት ሂሳብ በአንድ ጊዜ ጥቅምት ላይ ልሥራ የሚል ሰው ጥቅምትን ሳይተኛ ያነጋዋል፣ የ«ሀ» ግብር ከፋዮች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ስለሚያሳውቁ ሁሉም በመጨረሻው ሳምንት ነው የሚመጣው። በየወሩ ከሄዳችሁ ግን የደመወዝ ግብሩም፣ ጡረታውም፣ ቫቱም በጊዜው ይሄዳል፣ ቅጣት አይኖርም፣ እናንተም ቋሚ ገቢ አላችሁ። ሦስት አራት ነጋዴ ከያዛችሁ ከጀማሪ ደመወዝ ጋር መወዳደር ትጀምራላችሁ።

ሁለት መስመር አትለፉ። አንደኛ፣ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ሳይኖራችሁ የኦዲት ሪፖርት ላይ አትፈርሙ፣ የሰው ማኅተም ተውሳችሁም አትሥሩ። የሰው መዝገብ መያዝንም እንደ ንግድ ስትከፍቱት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁና አውጡ። ሁለተኛ፣ «ደረሰኝ ላምጣልህ ወይ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሰተኛ ደረሰኝ በታክስ አስተዳደር አዋጁ ወንጀል ነው፣ ዕዳውም የሐጂ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የኤንጂኦው በር

ወሎ በ1966ም በ1977ም ድርቅ ክፉኛ የተጎዳ አገር ነው። በዚያ ምክንያት የረድኤትና የልማት ድርጅት እዚህ ሥር ሰዷል፣ አመልድን (የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅትን) የማያውቅ የገጠር ቀበሌ ማግኘት ይከብዳል። ክፍያው ከመንግሥት ይሻላል፣ ኮንትራቱ ግን በፕሮጀክት ነው፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እናንተም ታልቃላችሁ። ይህን እያወቃችሁ ግቡ።

ሥራው ከሌላው የሚለየው በለጋሹ ነው። እያንዳንዱ ብር የየትኛው ለጋሽ፣ የየትኛው ፕሮጀክት፣ የየትኛው የበጀት መስመር እንደሆነ ኮድ ይኖረዋል። የአንዱን ለሌላው ማዋል የለም፣ ተቸግረንም ቢሆን። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው 20 በመቶ መብለጥ ስለሌለበት፣ የቱ ወጪ አስተዳደራዊ ነው የቱ የፕሮግራም ነው የሚለውን መለየት የዕለት ተዕለት ሥራችሁ ይሆናል። መስክም አለ። ተንታ ወይም ወረኢሉ ለስልጠና የተሰበሰበ ሰው የአበል ፊርማ ሲሰበሰብ ሁለት ፊርማ አንድ ዓይነት እጅ ሆኖ ታዩታላችሁ፣ ያኔ ዝም አይባልም።

ለፈተና ስትዘጋጁ በጀትና ወጪን የሚያስተያይ ሠንጠረዥ ሠርታችሁ ልዩነቱን በሁለት አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ማስረዳት ተለማመዱ። ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ጽሑፉ ላይ ነው።

የመንግሥት በር

ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ግን ወረዳ ፋይናንስ ፑል ውስጥ የሠራ ሰው የግብርናውን፣ የጤናውን፣ የትምህርቱን ሂሳብ በአንድ ቢሮ ያያል። አይቤክስን፣ የመንግሥትን የበጀትና የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ይለምዳል፣ ሞዴል 19ና ሞዴል 22 (የገቢና የወጪ ሰነዶቹ) እጁ ላይ ናቸው፣ የግዢ መመሪያ በቃሉ ነው። ሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ሲደርስ ያለውን ግርግር ተርፎ የወጣ ሰው ሌላ ቦታ ብዙ አያስፈራውም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ኦዲት፣ ወደ ዞን፣ ወይም ወደ ክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት መሄድ ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎቹም፣ ወሎም ወልድያም መቅደላ አምባም፣ ፋይናንስና ኦዲት ክፍል አላቸው፣ ሆስፒታሎቹም እንዲሁ። ማስተርስ እየተማሩ ለመሥራት ደሴ ያለ የመንግሥት ቢሮ ይመቻል፣ ለማስተማር የሚያስብ ሰው በዚህ በኩል ቢገባ ይሻለዋል። ለዘለዓለም ግን አትቀመጡ፣ ይሄ የኔ ሐሳብ ነው።

ባንክ፣ ግን በሌላ በኩል

ባንክ ካላችሁ እሺ ባንክ። ከካሸርነት ወዲያ ያለውን ግን ከአሁኑ እዩት። የብድር ትንተና አለ፣ እዚያ የነጋዴውን ካርቶን ያየ ሰው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሰው ያቀረበው የሂሳብ መግለጫ ከሱቁ ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ያውቃል። የስጋት አስተዳደርና ውስጥ ኦዲትም አሉ።

ወሎ ላይ ደግሞ ሰው የዘነጋው አንድ መንገድ አለ፣ ከወለድ ነፃ ባንክ። ዘምዘም በ2013 ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ተከተለ፣ ሌሎቹም ባንኮች መስኮት ከፍተዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደንበኛው አለ፣ ሙራባሃን አስረድቶ መዝገብ ላይ በትክክል የሚያስቀምጥ ባለሙያ ግን አይበዛም። ሙራባሃ ላይ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋ ገልጾ፣ ትርፉን ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ስለዚህ ዕቃው ለአፍታም ቢሆን የባንኩ ንብረት ሆኖ መታየት አለበት። ገንዘቡ በቀጥታ ለደንበኛው ከተሰጠ ነገሩ ከብድር አይለይም። ይህን ከነሰነዱ ማስረዳት ከቻላችሁ፣ ሙስሊምም ሁኑ ክርስቲያን፣ ተፈላጊ ናችሁ።

የኦዲት ድርጅትና ኤሲሲኤ

ትልልቆቹ የኦዲት ድርጅቶች አዲስ አበባ ናቸው። ወደዚያ መሄድ ግዴታ ሊሆን ይችላል፣ ቢያንስ ለጥቂት ዓመት። ጀማሪ ኦዲተር ብዙ ይለፋል፣ ደመወዙ መጀመሪያ ላይ አያስደስትም፣ ነገር ግን በአንድ ዓመት ሆቴልም፣ አስመጪም፣ ፋብሪካም፣ ኤንጂኦም ታያላችሁ። አዋጅ 847/2006 ከወጣ ወዲህ ድርጅቶች ሂሳባቸውን በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) እንዲያቀርቡ ስለሚጠበቅ፣ እሱን በተግባር የሠራ ሰው የትም አይወድቅም።

ኤሲሲኤ፣ የእንግሊዙ የአካውንታንትነት የሙያ ማረጋገጫ፣ 13 ፈተና ነው፣ በዲግሪያችሁ መነሻ የተወሰነው ሊቀርላችሁ ይችላል። በዓመት አራት ጊዜ፣ በመጋቢት፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በታኅሣሥ አካባቢ ይፈተናል። ከፈተናው ሌላ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ክፍያው በፓውንድ ነው፣ ብሩ ሲወርድ እሱ ይወጣል፣ ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ ከማሰብ አንድ ፈተና ከፍላችሁ፣ አልፋችሁ፣ ቀጣዩን አስቡ። ውስጥ ኦዲት ለሚወድ ሲአይኤ (የውስጥ ኦዲተር ሰርተፍኬት) ሦስት ክፍል ነው፣ ፋብሪካ ላለ ደግሞ ሲኤምኤ (የማኔጅመንት አካውንታንት ሰርተፍኬት) ሁለት ክፍል። ከወሎ የወጣ ልጅ መጀመሪያ ሥራ ይያዝ፣ ሰርተፍኬቱ በደመወዙ ይከፈል ባይ ነኝ። ቤተሰብ በሬ ሸጦ የሚከፍለው ፈተና ጭንቀቱ ብቻውን ያስወድቃል።

የቀሩት በአጭሩ

ላሊበላ ሆቴሎች ኮስት ኮንትሮለርና ናይት ኦዲተር ይፈልጋሉ፣ ቱሪስቱ ሲጠፋ ግን ሥራውም ይቀዘቅዛል። ኮንስትራክሽን ውስጥ የክፍያ ሰርተፍኬትና የሪቴንሽን (ከክፍያው ላይ ለመያዣ የሚቀር ገንዘብ) ሂሳብ የሚያውቅ ይፈለጋል። የገበሬዎች ዩኒየንና የቁጠባ ማኅበራት መዝገብ ያዥ አላቸው፣ ክፍያው ብዙ ባይሆንም ልምዱ ጥሩ ነው። ሶፍትዌር የሚወድ ሰው ለድርጅት ሲስተም በመትከልና ሠራተኛ በማሠልጠን ይኖራል። የአክሲዮን ገበያው ጥር 2017 ተከፍቷል፣ ሥራው ለጊዜው አዲስ አበባ ነው፣ የኩባንያ ሂሳብ አንብቦ መተንተን የሚችል ሰው ግን ከአሁኑ ቢዘጋጅ አይከስርም።

ደረጃ 4፦ በሩን አንኳኩ

ኢትዮጆብስን፣ ሪፖርተርን፣ የቴሌግራም ቻናሎችን ተከታተሉ፣ ግን እዚያ ላይ ብቻ አትተኙ። የወሎ የግል ድርጅት አብዛኛው በሰው በሰው ነው የሚቀጥረው። የአሥር ድርጅት ስም ጻፉ። ማመልከቻ አንድ ገጽ፣ ሲቪ ሁለት ገጽ ይዛችሁ ራሳችሁ ሂዱ። ጥበቃው «ቅጥር የለም» ይላል፣ እሱ ሥራው ነው። «ፋይናንስ ኃላፊውን ለሁለት ደቂቃ ፈልጌ ነው» በሉት።

ጊዜውን ምረጡ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ቆጠራና መዝጊያ አለ፣ ሁሉም ቢሮ እጅ ያጥረዋል። «ቆጠራችሁን ላግዝ፣ ለሁለት ሳምንት» ብላችሁ ብትገቡ ከማንኛውም ሲቪ ይበልጣል። ትንሽም ቢሆን ክፍያ ተስማሙ። በነፃ የሠራ ሰው በነፃ ይለመዳል።

ሲቪው ላይ «ታታሪና ታማኝ» ከማለት የሠራችሁትን ጻፉ፦ «የአንድ የጨርቅ መደብር የ12 ወር ደረሰኝ አደራጅቻለሁ፣ ባንክ አስታርቄያለሁ፣ ፔሮል በኤክሴል ሠርቻለሁ።» የአጎት ሱቅም ቢሆን ሱቅ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመፈረማችሁ በፊት

ሥራ አገኘን ብላችሁ ዘላችሁ አትግቡ። ገንዘብ የሚነካ ቦታ ከሆነ ተያዥ ይጠየቃል። ተያዥ የሚሆንላችሁን ሰው ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ንገሩት፣ ፎርሙን ያንብበው። ዘመድ በዕዳ ከሜዳ ሲጠራ መጥፎ ነው።

ርክክብ ሳይደረግ ካዝና፣ ደረሰኝ ጥራዝ፣ ቼክ አትረከቡ። ካዝናው ፊት ለፊት ይቆጠር፣ የደረሰኙ መነሻና መድረሻ ቁጥር ይጻፍ፣ የቀድሞው ሰውም አለቃውም ይፈርሙ። «በኋላ እንሠራዋለን» የሚል ካለ እናንተም ሥራውን በኋላ ጀምሩ። አንድ ሰው ቼክ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ አውጥቶ፣ መዝግቦ የሚሠራበት ቢሮ ከሆነ እንዲከፋፈል በጽሑፍ ጠይቁ፣ ባይከፋፈልም ጥያቄያችሁ ፋይል ውስጥ ይኑር።

ሰነድ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሰነዱ የወደመበት ቢሮ ሂሳቡን ከባንክ ስቴትመንትና ከአቅራቢዎች ኮፒ ላይ እየለቀመ ነው እንደገና የሠራው። ባክአፑን ሌላ ከተማ ወይም ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠ ሰው ያንን ሁሉ ጣጣ አላየም።

ደረጃ 6፦ ከአንዱ በር ወደ ሌላው

ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ መቀየር ነውር የለውም። ከወረዳ ፋይናንስ ወደ ኤንጂኦ፣ ከፋብሪካ ወደ ባንክ ብድር ክፍል፣ ከኦዲት ድርጅት ወደ ማንኛውም ቦታ ይኬዳል። ከባንክ ካሸርነት ወደ ፋብሪካ ኮስት መሄድ ግን ይከብዳል፣ ስለዚህ ባንክ ያላችሁ ዝውውር ወደ ብድር ወይም ኦዲት ቶሎ ጠይቁ።

ስትለቁ ክሊራንስ ሳትይዙ አትውጡ፣ እንደገባችሁት በርክክብ ውጡ። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ተጠንቀቁ። ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተጻፈበት ብዙ ቀጣሪ አይቆጥረውም። ደመወዛችሁ፣ የጀመራችሁበትና ያቆማችሁበት ቀን፣ የሥራ መደቡም ይኑርበት። «በሂሳብ ሠራተኝነት አገልግለዋል» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ደብዳቤ ለፈተና አያስጠራም፣ ኮስት ሠርታችሁ እንደሆነ ኮስት ይባል፣ ባንክ አስታርቃችሁ እንደሆነ ይጻፍ። ዝርዝሩን ራሳችሁ አርቅቃችሁ ይዛችሁላቸው ሂዱ። የሰው ሀብት ክፍል ተዘጋጅቶ የመጣለትን ወረቀት አይጠላም፣ አንብቦ ማኅተም ያደርግበታል።